በበዓል ቀን በቤት ስለሚቀረው ልጅ

አንባቢ ሆይ፥ በመስቀል ወይም በትንሣኤ በዓል ቤተ ሰብህን ሰብስበህ ከቤት ስትወጣ ልጆችህን ትቈጥራለህን? ብዙ ሰው ይቈጥራል። አዲስ ልብስ የለበሱትን፥ በደጅ ቆመው የሚቻኰሉትን ይቈጥራል፤ ቍጥሩም ሞላ ብሎ በሩን ይዘጋል። ነገር ግን በአንዳንድ ቤት በሩ ከተዘጋ በኋላ በውስጥ የሚቀር አንድ ልጅ አለ። እርሱም እግሩ የማይሄድ፥ ወይም ዐይኑ የማያይ፥ ወይም ጆሮው የማይሰማ፥ ወይም አእምሮው ከእኩዮቹ ዘግይቶ የሚያድግ፥ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ነው። ከእርሱ ጋር አሮጊት አያቱ ወይም የቤት ሠራተኛይቱ ትቀራለች። ምግቡም ተከድኖ ተቀምጦለታል። የሚጐድለው ነገር ያለ አይመስልም።

ይህች ትንሽ ጽሑፍ ስለዚህ ልጅ ናት። የምትጠይቀውም ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም፥ ልጅን መመገብና ማልበስ ከጕዳትም መጠበቅ ፍቅርን ይፈጽማልን? ወይስ ደስታን ከእርሱ ጋር መካፈል ደግሞ የፍቅር ዕዳ ነውን?

ይህን ጥያቄ የሚንቅ ሰው ይኖራል። “ጨዋታና ሽርሽር ከንቱ ነገር ነው፤ እንዲህ ላለው ልጅ እንጀራና መድኀኒት ይበቃዋል” ይላል። ነገር ግን ነቢዩ ዘካርያስ እግዚአብሔር ስለሚያድሳት ስለ ኢየሩሳሌም ሲናገር የሰጠውን ምልክት እናስብ። ምርኵዝ የያዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በአደባባይዋ እንደሚቀመጡ፥ በዚያውም አደባባይ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እንደሚጫወቱ ተናገረ። ምርኵዝና ጨዋታ በአንድ አደባባይ መገኘታቸውን አስተውል። እግዚአብሔር ያደሳት ከተማ ደካማው ተሰውሮ ብርቱው ብቻ የሚታይባት አይደለችም። የልጅም ጨዋታ በእግዚአብሔር ፊት ከንቱ ቢሆን ኖሮ በነቢይ አፍ የምሕረት ምልክት ሆኖ ባልተነገረም ነበር።

ዳግመኛም የሜምፊቦስቴን ታሪክ እንመልከት። ይህ ሰው የዮናታን ልጅ፥ የንጉሥ ሳኦል የልጅ ልጅ ነበረ። አምስት ዓመት በሆነው ጊዜ ሳኦልና ዮናታን በጦርነት እንደ ሞቱ ወሬ መጣ፤ ሞግዚቱም አንሥታው ስትሸሽ ከመቻኰልዋ የተነሣ ወደቀ፥ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ካደገም በኋላ በሎዶባር በሰው ቤት ተጠግቶ ይኖር ነበር። ዳዊትም በነገሠ ጊዜ ስለ ወዳጁ ስለ ዮናታን አስጠራው።

ዳዊት ያደረገለትን ሁለት ነገር ለይተህ ተመልከት። በመጀመሪያ የሳኦልን ርስት ሁሉ መለሰለት፤ ሲባም ከልጆቹና ከአገልጋዮቹ ጋር መሬቱን እንዲያርስለትና እህሉን እንዲያገባለት አዘዘ። በዚህ የሜምፊቦስቴ እንጀራ ተሟላ። ዳዊት በዚህ ቢያቆም ኖሮ ቸር ንጉሥ ተብሎ በተመሰገነ ነበር። እርሱ ግን አላቆመም፤ ሜምፊቦስቴ ከንጉሥ ልጆች እንደ አንዱ ሆኖ ዘወትር በማዕዱ እንዲቀመጥ አደረገ። ርስቱ ራብን አስወገደለት፤ ማዕዱ ግን ብቸኝነትን አስወገደለት። ታሪኩም ሲፈጸም እግሮቹ እንዳልዳኑ ይነግረናል። ወደ ማዕዱ የቀረበው ከዳነ በኋላ አይደለም፤ እንዳለ ቀረበ እንጂ።

ወዳጄ ሆይ፥ በቤት ለቀረው ልጅ ምግብ ከድኖ የሚሄድ ሰው የሲባን ሥራ ሠርቶአል፤ የዳዊትን ሥራ ግን ገና አልሠራም።

ልጁን በቤት የሚያስቀሩ ሰዎች ሦስት ምክንያት አላቸው፤ አንደኛው ሐፍረት፥ ሁለተኛው ርኅራኄ፥ ሦስተኛው ችግር ነው። እያንዳንዱን በየተራው እንመርምር።

ሐፍረትን በአፉ የሚናገር ጥቂት ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ወደ ጓዳ ሲገባ፥ ቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ ሲነሣም ሲታለፍ ግን ይታያል። የሐፍረቱ ሥር የልጁ ጕዳት የወላጆቹ ኀጢአት ዋጋ ነው፥ ወይም የርግማን ወይም የክፉ መንፈስ ሥራ ነው የሚል አሳብ ነው። ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። የጌታችን ደቀ መዛሙርት ዐይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ኀጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠየቁ፤ ጌታችንም እርሱም ወላጆቹም እንዳይደሉ ነገራቸው። እንግዲህ የጌታን መልስ የተቀበለ ሰው ያንኑ ጥያቄ በልቡ መልሶ ሊጠይቅ አይገባውም።

የሐኪሞችም ትምህርት በዚህ ነገር ይረዳናል። ሕፃን ሲወለድ ምጡ ረዝሞ አየር ቢያጥረው አንጐሉ ይጐዳል፤ ከዚያም በኋላ እጁና እግሩ እንደ ልቡ ላይታዘዙለት ይችላሉ። የማጅራት ገትር በሽታ ጆሮን ያደነቍራል፤ ኩፍኝም በቂ ምግብ ባላገኘ ሕፃን ላይ ሲበረታ ዐይንን ሊያሳውር ይችላል። ዳውን ሲንድሮም የሚባለውም በልጁ የሰውነት ሕዋስ ውስጥ እንደ ተለመደው 46 ሳይሆን 47 ክሮሞሶም በመኖሩ የሚመጣ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ እናት የምታፍርበት ነገር ምንድር ነው?

ይህ ሐፍረት የድኾች ወይም ያልተማሩ ሰዎች ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር ኬኔዲ የሚባል ባለጠጋና ስመ ጥር ቤተ ሰብ ነበረ፤ ከልጆቹም አንዱ ጆን የአገሩ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ። እኅቱ ሮዝመሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1918 ተወለደች፤ አእምሮዋም ከወንድሞችዋና ከእኅቶችዋ ዘግይቶ ያድግ ነበር። በልጅነትዋ ከእነርሱ ጋር ትዋኝ፥ በጀልባም ትሄድ ነበር። በ1941 ግን አባትዋ ጠባይዋን ያሻሽላል ተብሎ የታሰበ የአንጐል ቀዶ ሕክምና አስደረገባት፤ ሕክምናውም ንግግርዋንና አካሄድዋን ክፉኛ ጐዳው። ከዚያ በኋላ ከቤት ርቃ በተቋም ውስጥ ተቀመጠች፥ ነገርዋም ለብዙ ዓመት ከሕዝብ ተሰወረ። እንጀራና ሐኪም አላጣችም፤ ያጣችው ማዕዱን ነው።

እኅትዋ ዩኒስ ግን በ1962 በራስዋ ቤት ግቢ አእምሮአቸው ዘግይቶ ለሚያድግ ልጆች የዕረፍት ወራት መጫወቻ ከፈተች፤ በዚያም ዋና ይዋኙ፥ ኳስም ይጫወቱ ነበር። በዚያው ዓመት የሮዝመሪን ነገር በመጽሔት ጽፋ ገለጠች። ከዚህ ጅማሬ በ1968 በቺካጎ ከተማ አንድ ሺህ ያህል ተወዳዳሪዎች የተሰበሰቡበት ስፔሻል ኦሊምፒክስ የሚባል የጨዋታ በዓል ተነሣ፤ ዛሬም በብዙ አገሮች ይደረጋል። ሥራው ታላቅ ሆኖአል፤ መጀመሪያው ግን አንዲት ሴት የግቢዋን በር ለልጆች ጨዋታ መክፈትዋና የተሰወረውን ስም በግልጥ መጥራትዋ ነው። ይህን ማንኛይቱም እናት በመንደርዋ ልታደርገው ትችላለች።

ሁለተኛው ምክንያት ርኅራኄ ነው። “ሰው ያፈጥበታል፥ ልጆች ይስቁበታል፥ ልቡም ይሰበራል፤ ስለዚህ በቤት ቢቀር ይሻለዋል” ይላሉ። ይህ አሳብ ከፍቅር የሚወጣ ስለ ሆነ በችኰላ ልንነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ፍርዱን እንመርምር። የሚያፈጠው ሌላ ነው፥ የሚታሰረው ግን ልጁ ነው። የሳቀው በአደባባይ ይመላለሳል፥ ያልበደለው በቤት ይዘጋበታል። ይህ ፍርድ በዳኛ ፊት ቢቀርብ ማን ይቀበለዋል?

ደግሞም ሰው የሚያፈጠው ያልለመደውን ሲያይ ነው። ልጁ በቤት በተሰወረ ቍጥር መንደሩ ሳይለምደው ይኖራል፤ ሳይለምደውም በኖረ ቍጥር ባየው ጊዜ ይበልጥ ያፈጥበታል። ወላጅ ልጁን ከዐይን እጠብቃለሁ ብሎ ያንኑ ዐይን ያሳድጋል። በየሳምንቱ ከወንድሞቹ ጋር በሜዳ የሚታይ ልጅ ግን ጥቂት ቈይቶ እንግዳ መሆኑ ይቀራል፤ ሰዎችም ስሙን ያውቁታል፥ በስሙም ይጠሩታል። ልጅን በጕዳቱ ሳይሆን በተጠመቀበት ስም መጥራት ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ።

በዚህ ስፍራ ለጐረቤትና ለመንገደኛ የምናገረው አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ከቤተ ሰቡ ጋር ወጥቶ ባየህ ጊዜ ከንፈርህን አትምጠጥ። የከንፈርህ ድምፅ ለልጁ፥ “አንተ ባትወለድ ይሻል ነበር” የሚል ይመስለዋል። ለእናቲቱም ስለ ጸበልና ስለ መድኀኒት በመንገድ ላይ ምክር አታብዛባት፤ ያን ዕለት የወጣችው ልጅዋን ልታጫውት ነውና። በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ልጅ አይተህ ሳንቲም በጕልበቱ ላይ አትጣል። እርሱ ኳሱ ወደ እርሱ እስኪመጣ ሲጠብቅ አንተ ሳንቲም ብትወረውርለት፥ ተጫዋቹን ለማኝ አደረግኸው። ልትሰጠው ብትወድ ሰላምታ ስጠው፥ ስሙን ጠይቀው፥ ልጅህንም “ከእርሱ ጋር ተጫወት” በለው።

ሦስተኛው ምክንያት ችግር ነው። ይህ እውነተኛ ምክንያት ነው። መንገዱ ድንጋያማ ነው፥ መኪናው ጠባብ ነው፥ ልጁም ዐሥር ዓመት ከሆነው በኋላ ከእናቱ ጀርባ ይከብዳል። በዚህ የደከመችውን እናት የምንነቅፍበት አፍ የለንም። ነገር ግን ፈርዖን ለሙሴ ያቀረበውን አሳብ እናስታውስ። ሙሴ ሕዝቡ ለእግዚአብሔር በዓል ያደርግ ዘንድ በምድረ በዳ እንዲሄድ በጠየቀ ጊዜ ፈርዖን ወንዶቹ ብቻ ይሂዱ፥ ሕፃናቱ ይቅሩ አለ። ይህ ለጕዞ የሚመች ምክር ይመስላል፤ ሕፃናት ያሉበት ጕዞ ይዘገያልና። ሙሴ ግን ሕፃናትና ሽማግሌዎች ሁሉ ካልሄዱ በዓሉ በዓል እንዳልሆነ ዐውቆ አልተቀበለም። እንግዲህ ሸክሙ የሚቀልለን አንዱን ወደ ኋላ ስንተው ከሆነ፥ ምክሩ ከማን እንደ ሆነ እንጠይቅ።

የያዕቆብም ጥበብ ይምራን። ወንድሙ ዔሳው አብረን እንሂድ ባለው ጊዜ ያዕቆብ ልጆቹ ደካሞች እንደ ሆኑ ነግሮ በእነርሱ እርምጃ ልክ ቀስ እያለ እንደሚሄድ መለሰለት። የቤተ ሰብ ጕዞ ሥርዐት ይህ ነው። ቦታውን በብርቱው ልጅ ሳይሆን በደካማው ልክ ምረጥ። ሽርሽር ማለት ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ሐዋሳ ሐይቅ መሄድ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ የሌለው ሰው በሰፈሩ ሜዳ ከዛፍ ጥላ በታች ቡና ቢያፈላ ልጁ ወጥቶአል። ከቤት ሳትወጣ መቀመጫው ወዴት እንደ ሆነ፥ የሚሸናበትም ስፍራ ወዴት እንደሚገኝ አስብ። ሕዝብ ሳይበዛ በማለዳ ሂድ።

ከደረስህም በኋላ ልጁን በጥላ አስቀምጠህ የሚያይ ብቻ አታድርገው፤ የጨዋታው ተካፋይ አድርገው እንጂ። እግሩ የማይሄድ ልጅ ገበጣና ቅልሞሽ ከማንም እኩል ይጫወታል፤ በቡሄም ወንድሞቹ ከቤት ወደ ቤት እየገፉት ሙልሙሉን ተቀብሎ የሚይዝላቸው እርሱ ይሁን። ዐይኑ የማያይ ልጅ ችቦው ሳይለኰስ በእጁ ይዳስሰው፥ አደይ አበባውን ያሽትት፤ ሌላው የሚያየውንም ሁሉ በቃል ንገረው። ጆሮው የማይሰማ ልጅ የሁሉን ፊት በሚያይበት ስፍራ ይቀመጥ፤ ወንድሞቹም የምልክት ቋንቋ ይማሩለት። ቤቱ ሁሉ ሲሥቅ ምን እንዳሣቀው ሳያውቅ መቀመጥ ከምን ያህል ርቀት እንደሚበልጥ አስብ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጩኸትና ግርግር ያስጨንቀዋል፤ ስለዚህ ወዴት እንደምትሄዱ፥ ምንም እንደሚሆን ከቀን በፊት ደጋግመህ ንገረው። በቃኝ ባለም ጊዜ ተመለስ። በደስታ ያለፈ ግማሽ ሰዓት በጭንቀት ካለፈ ሙሉ ቀን ይሻላልና።

የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ ጥንቃቄው የተለየ ነው። በእሳትና በውኃ አጠገብ ሁልጊዜ እጁ የሚደርስለት አንድ ዐዋቂ ከእርሱ አይራቅ። ቢወድቅ በዙሪያው ያለውን ድንጋይና ስለት አንሣ፥ ለስላሳ ነገር ከራሱ በታች አድርግ፥ በጐኑም አስተኛው። እንዳይንፈራገጥ አጥብቀህ አትያዘው፤ በአፉ ማንኪያም ሌላም ነገር አታግባ፤ ክብሪት ለኵሰህ አታሽትተው፥ አይጠቅመውምና። መንፈራገጡ ከአምስት ደቂቃ ቢያልፍ ወደ ሐኪም አድርሰው። በሽታው በምራቅም ሆነ በመንካት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ከእርሱ የሚሸሽ ሰው የሚሸሸው ከከንቱ ፍርሀት የተነሣ ነው።

መንግሥታትም ይህን ነገር በሕግ አጽፈዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ባጸደቀው ስምምነት በአንቀጽ 30፥ አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር በእኩልነት በጨዋታ፥ በመዝናኛና በስፖርት እንዲካፈሉ መንግሥታት ሊያደርጉ እንደሚገባ ተጽፎአል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ2010 ተቀበለች። በአገራችንም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ዐዋጅ ቍጥር 624 የሕዝብ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። ይህ መልካም ነው፥ እንዲፈጸምም መጠየቅ ይገባል። ነገር ግን ሕግ በሩን ያሰፋል እንጂ ልጁን ወደ በሩ አያመጣውም። የሚያመጣው ቤተ ሰቡና ምእመኑ ነው።

ለምእመናን ጉባኤ እንዲህ እላለሁ። በቅፍርናሆም ያን ሽባ ሰው ወደ ጌታችን ያመጡት አራት ሰዎች ነበሩ፤ ለአንድ ሰው ሸክሙ በከበደ ነበርና። መጽሐፍ ስማቸውን አይነግረንም፥ ቍጥራቸውን ግን ይነግረናል። በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ የልጆች ሽርሽር ሲታሰብ ስንት መኪና እንደሚያስፈልግ ትቈጥራላችሁ፤ እንግዲህ ስንት ተሸካሚ እንደሚያስፈልግም ቍጠሩ። ልጅዋን ብቻዋን ስትሸከም የኖረች እናት በመካከላችሁ ብትኖር፥ “ምን እናድርግልሽ?” ብላችሁ አትጠይቁአት፤ ቀኑን ነግራችሁ አራት ሆናችሁ ወደ ደጅዋ ሂዱ። ጌታችን ግብዣ ስታደርግ ብድር የሚመልሱልህን ሳይሆን ድኾችንና አካላቸው የተጐዳውን ጥራ ብሎ ሲያስተምር፥ ከግብዣው የተረፈውን ላክላቸው አላለም፤ ወደ ማዕዱ ራሳቸው እንዲጠሩ አዘዘ እንጂ። የግብዣ ትራፊ ወደ ቤት ይላካል፤ ደስታ ግን ወደ ቤት አይላክም፥ በዚያው በስፍራው ይገኛል እንጂ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፥ “ልጄ ምንም አያውቅም፥ ወጣ አልወጣ ለእርሱ አንድ ነው” የሚል ወላጅ ቢኖር እንዲህ እመልስለታለሁ። ቃል የማይናገር ልጅ ፀሓይ ፊቱን ስትነካው፥ ወንድሙም በጆሮው ሲሥቅ የሚሆነውን አንድ ጊዜ ተቀምጠህ ተመልከት። ምልክቱን ባታይ እንኳ ዕዳው አይቀርልህም፤ ልጅን ወደ ደስታ የምንወስደው ስለ ገባው ወይም ስላመሰገነን አይደለምና። በውድድር አሸንፎ ስም እንዲያስጠራልንም አይደለም። ልጃችን ስለ ሆነ ነው። ሜምፊቦስቴም በማዕዱ የተቀመጠው ስለ ጠቀመ ሳይሆን ስለ ተወደደ ነው፤ አንተና እኔም ወደ ጌታ ማዕድ የቀረብነው በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የሚመጣው በዓል ሳይደርስ አንድ ነገር ቍረጥ። ልጁን ወዴት መሄድ እንደሚወድ ጠይቀው፤ መናገር ባይችል ምን ደስ እንደሚያሰኘው ከእናቱ ወይም ከእኅቱ ተማር። ቀኑንም ወስን፥ ለጐረቤትህም ንገር። የራስህ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ከሌለበት በመንደርህ ያለበትን ቤት ታውቃለህና ሄደህ አንኳኳ።

ልጆችን ወደ እርሱ እንዲመጡ የፈቀደ ጌታ፥ የማንከለክል ብቻ ሳይሆን ይዘን የምንመጣ ያድርገን። አሜን።